የድሮ መዋቢያዎች ስብስብ

የድሮ መዋቢያዎች ስብስብ ማለት ከገበያ የወጡ ወይም መልካቸውን የቀየሩ የውበት ዕቃዎችን እየፈለጉ የማሰባሰብ፣ ዕድሜያቸውን የመለየትና የመጠበቅ ሥራ ነው። የፓውደር መያዣዎች፣ የሊፕስቲክ ቀፎዎች፣ የሽቶ ጠርሙሶች፣ የክሬም ጣሳዎች፣ የኩል ብልቃጦችና የታተሙ ማስታወቂያዎች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሥራው የግለሰቦች የትርፍ ጊዜ ፍላጎት ሆኖ ቢታወቅም፣ ሙዚየሞች፣ የታሪክ ተመራማሪዎችና የኬሚስትሪ ባለሙያዎችም ይሳተፉበታል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዋቢያ ስብስብ ከሌሎች ስብስቦች በአንድ ነገር ይለያል። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል ይሠራል፤ መዋቢያ ግን የሚሠራው ተቀብቶ እንዲያልቅ ነው። የተወደደ ሊፕስቲክ እስከ ሥሩ ያልቅና ቀፎው ይጣላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚገኝ የድሮ መዋቢያ ብዙውን ጊዜ ባለቤቷ ያልወደደችው ወይም ለልዩ ቀን ብላ ያስቀመጠችው ነው። ከአንድ ስብስብ ተነስቶ «የዚያ ዘመን ሴቶች ይህን ይቀቡ ነበር» ለማለት የሚፈልግ ሰው ይህን ልብ ማለት ይኖርበታል።

ስያሜ

በዕቃ ነጋዴዎች ልማድ 100 ዓመት የሞላው ዕቃ «አንቲክ» ይባላል። ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ኖሮት የአንድ ያለፈ ዘመን መልክ በግልጽ የሚታይበት ደግሞ «ቪንቴጅ» ይባላል። ለሁለተኛው የተቆረጠ ወሰን የለም፤ ብዙዎች 20 ዓመት ያለፈውን ዕቃ ሁሉ ይጨምሩበታል። በዚህ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ቡናማ ሊፕስቲኮች ከአያቶች ዘመን የፓውደር መያዣዎች ጋር በአንድ ስም ይጠራሉ።

ሰብሳቢዎችን የሚያነሳሳው ስሜት በብዙ ቋንቋዎች «ኖስታልጂያ» ይባላል። ቃሉን በ1688 የፈጠረው በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ የሕክምና ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ሆፈር ነው። «ኖስቶስ» (ወደ ቤት መመለስ) እና «አልጎስ» (ሕመም) የሚሉትን የግሪክ ቃላት አጋጥሞ፣ ከአገራቸው በራቁ ሰዎች ላይ የታየን ሕመም ሰየመበት። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ከበሽታ ስምነት ወጥቶ ላለፈ ዘመን የሚሰማ ጣፋጭና አሳዛኝ ስሜትን መግለጽ ጀመረ። በአማርኛ ለዚህ ስሜት የሚቀርበው ቃል «ትዝታ» ሲሆን፣ ይኸው ቃል በኢትዮጵያ ሙዚቃ የአንድ ቅኝት መጠሪያ ነው።

ታሪክ

ጥንታዊ ዕቃዎች

ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያላቸው የመዋቢያ ቅሪቶች ከመቃብር የወጡ ናቸው። በጥንታዊት ግብፅ ሙታን ከኩል ብልቃጦቻቸውና ከመኳያዎቻቸው ጋር ይቀበሩ ነበር። በፓሪስ የሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ከያዛቸው ብልቃጦች አንዳንዶቹ ዱቄቱ እስከ ዛሬ በውስጣቸው አለ። በ1999 የታተመ የኬሚስትሪ ጥናት ይህን ዱቄት መርምሮ፣ ጋሌና ከሚባለው ጥቁር የእርሳስ ማዕድን ሌላ፣ በተፈጥሮ እምብዛም የማይገኙ ሁለት ነጭ የእርሳስ ውህዶች በውስጡ እንዳሉ አሳይቷል። ይህም ግብፃውያን ኩልን ከመፍጨት አልፈው በኬሚካላዊ ዘዴ ይቀምሙ እንደነበር ያመለክታል። ብልቃጦቹ ታጥበው ቢሆን ኖሮ ይህ ዕውቀት አይገኝም ነበር።

ሌላው የታወቀ ግኝት በ2003 በለንደን ከተማ በሳውዝዋርክ ሰፈር የወጣ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠራ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ክዳኗ የተገጠመ ትንሽ የቆርቆሮ ጣሳ ተገኘች። በውስጧ ነጭ ክሬም ነበር፤ ክሬሙ ላይ የመጨረሻዋ ወይም የመጨረሻው ተጠቃሚ ጣት ያሳለፈው ምልክት ሳይጠፋ ቆይቷል። በምርመራ እንደታወቀው ክሬሙ የተሠራው ከእንስሳት ስብ፣ ከስታርችና ከቆርቆሮ ኦክሳይድ ነው።

የፋብሪካ ዘመን

የዛሬዎቹ ሰብሳቢዎች በብዛት የሚፈልጓቸው ዕቃዎች ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ አብዛኛው መዋቢያ በቤት ይቀመም ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ጌጥ ይገዛ ነበር። ፊትን በግልጽ መቀባት «ለጨዋ ሴት» እንደ ነውር ስለሚታይም ዕቃው ይደበቅ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁኔታው ተለወጠ። በ1915 ቶም ላይል ዊሊያምስ በቺካጎ ሜይቤሊንን መሠረተ፤ ኩባንያው ይሸጠው የነበረው የሽፋሽፍት ቀለም ደረቅ ሆኖ በትንሽ ሳጥን ከብሩሽ ጋር የሚቀርብና በውሃ እየራሰ የሚቀባ ነበር። በ1923 ጄምስ ብሩስ ሜሰን በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ በማዞር ወደ ላይ የሚወጣ የሊፕስቲክ ቀፎ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1920ዎቹ ወጣት ሴቶች በሻይ ቤትና በጭፈራ ቦታ ፊታቸውን በሰው ፊት ማስተካከል ስለጀመሩ፣ የፓውደር መያዣው ከመሳቢያ ወጥቶ በእጅ የሚታይ ጌጥ ሆነ። በብር፣ በኢናሜልና በቆዳ የሚሠሩት መያዣዎች የበዙት ከዚህ በኋላ ነው።

ሲኒማም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በፖላንድ ተወልዶ በሆሊውድ የሠራው ማክስ ፋክተር ለባለ ቀለም ፊልም የተዘጋጀውን «ፓን ኬክ» የተባለ የፊት ቀለም አቀረበ፤ ይህም ከጊዜ በኋላ ለሕዝብ ገበያ ወጣ። በ1932 የተመሠረተው ሬቭሎን ደግሞ የከንፈርና የጥፍር ቀለም አንድ ዓይነት እንዲሆን በማስተዋወቅ ታወቀ፤ በ1952 ያወጣው «እሳትና በረዶ» የተሰኘ ማስታወቂያ ዛሬ ራሱ የሚሰበሰብ ወረቀት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ የሊፕስቲክ ቀፎ ከፕላስቲክ፣ ከእንጨትና ከወፍራም ወረቀት ተሠራ። እነዚህ ርካሽ ቀፎዎች በቀላሉ ስለሚበላሹ ጥቂት ብቻ ተርፈዋል። በዚህም ምክንያት ዛሬ ከጦርነቱ በፊት ከተሠሩ የብረት ቀፎዎች ይልቅ የሚፈለጉበት ጊዜ አለ።

የሚሰበሰቡ ዓይነቶች

የፓውደር መያዣ፦ ኮምፓክት የሚባለው፣ በክዳኑ ውስጥ መስታወት የተገጠመለት ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ይሠሩ የነበሩት የስትራተን መያዣዎች በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የውስጥ ክዳናቸው ራሱ ይከፈታል፤ የተጠቃሚዋ ጥፍር እንዳይሰበርና ቀለሙ እንዳይላጥ የታሰበ ዘዴ ነው።

የሽቶ ጠርሙስ፦ የመስታወት ጥበበኛው ረኔ ላሊክ ለሽቶ ነጋዴው ፍራንሷ ኮቲ የሠራቸው ጠርሙሶች ከውድ ዕቃዎች ይመደባሉ። በሌላው ጫፍ በ1928 የወጣው የቡርዧ «ሷር ደ ፓሪ» (የፓሪስ ምሽት) አለ። ደማቅ ሰማያዊ ጠርሙሱ በአሜሪካ በርካሽ መደብሮች ይሸጥ ስለነበር፣ ልጆች ለእናታቸው የሚገዙት ስጦታ ሆኖ በብዙዎች ይታወሳል። ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ ትዝታው ከፍተኛ የሆነ ዕቃ ነው።

ጣሳና ካርቶን፦ ከ1925 ጀምሮ ሰማያዊና ነጭ የሆነው የኒቪያ ጣሳ ከታወቁት አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ ጣሳዎች ክሬሙ ካለቀ በኋላ ለቁልፍ፣ ለክርና ለመርፌ ማስቀመጫ ስለሚያገለግሉ ከይዘታቸው ብዙ ዓመት ይበልጣሉ።

ወረቀት፦ የመጽሔት ማስታወቂያ፣ የቀለም ናሙና ካርድና የዋጋ ዝርዝር። ቀለሞች በጊዜ ብዛት ስለሚለወጡ፣ አንድ ሊፕስቲክ መጀመሪያ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ እነዚህ ጠቃሚ ናቸው።

ዕድሜን መለየት

አብዛኛው መዋቢያ የተሠራበት ዓመት አይጻፍበትም። ሰብሳቢዎች ዕድሜውን የሚገምቱት በማሸጊያው ላይ ካሉ ምልክቶች ነው። ለአሜሪካ ዕቃዎች የሚከተሉት የተለመዱ መለያዎች ናቸው።

ከዋጋው አጠገብ «ታክስን ሳይጨምር» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ዕቃው በመዋቢያ ላይ የፌዴራል ታክስ ይከፈል በነበረበት ዘመን የተሠራ ሊሆን ይችላል። ታክሱ በ1944 ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሎ በ1965 ተነሥቷል።

የኩባንያው አድራሻ ባለ 5 አሃዝ የፖስታ ቁጥር ካለው ዕቃው ከ1963 በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ሥራ ላይ የዋለው በዚያ ዓመት ነውና።

ባርኮድ ካለው ከ1970ዎቹ አጋማሽ አይቀድምም። ሙሉ የንጥረ ነገር ዝርዝር ካለውም እንዲሁ ነው፤ ዝርዝሩ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው በ1977 ነው።

በአውሮፓ ደግሞ ክዳኑ የተከፈተ የክሬም ዕቃ ሥዕል ከነወራት ቁጥሩ ካለ ዕቃው ከ2005 አካባቢ ወዲህ የመጣ ነው።

የተሠራበት ነገርም ይናገራል። ሴሉሎይድና ቤክላይት የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መለያዎች ናቸው። ይሁንና አንድ ምልክት ብቻውን አያበቃም፤ የድሮ ቀፎ አዲስ ይዘት ሊሞላበት፣ የድሮ መልክም ሆን ተብሎ እንደገና ሊሠራ ይችላል።

ሽታና ትዝታ

ሽታ ከሌሎች ስሜቶች ይበልጥ ትዝታን በድንገት ይቀሰቅሳል ይባላል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የአንጎል አሠራር ነው። የሚታይና የሚሰማ መልእክት ወደ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባለው ክፍል ያልፋል። የሽታ መልእክት ግን ስሜትንና ትውስታን ወደሚመሩት ወደ አሚግዳላና ወደ ሂፖካምፐስ በአቋራጭ ይደርሳል። የእናቱን የፓውደር መያዣ የከፈተ ሰው ሽታው ምን እንደሆነ በቃል ሳይሰይም ፊቷ ሊታየው የሚችለው በዚህ ነው።

ችግሩ ከይዘቱ ፈጥኖ የሚጠፋው ራሱ ሽታው መሆኑ ነው። በተከፈተ ሽቶ ውስጥ እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት ቀላል ሽታዎች ቀድመው ይበላሻሉ፤ በሊፕስቲክና በክሬም ውስጥ ያለው ቅባት ደግሞ ይበግናል። አዲስ ጠርሙስ መግዛትም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ለቆዳ አለርጂ ምክንያት የሆኑ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች፣ ለምሳሌ በኦክ ዛፍ ላይ ከሚበቅል ሽበት የሚወጣው ቅመም፣ በአውሮፓ ሕግ ስለተገደቡ፣ ስማቸው ያልተለወጠ ሽቶዎች ቅመማቸው ተለውጧል። ስሙና ጠርሙሱ የአያት፣ ሽታው ግን የዛሬ ነው።

ይህን ለመቋቋም በ1990 በፈረንሳይ ቬርሳይ ከተማ «ኦስሞቴክ» የተባለ የሽቶ ቤተ መዛግብት ተቋቋመ። ሽቶዎቹ በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ኦክስጅን እንዳያገኛቸው በአርገን ጋዝ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ከገበያ የጠፉ ሽቶዎችም ከዋናው የቅመማ ጽሑፍ እንደገና ይሠራሉ፤ በ1882 የወጣው «ፉዤር ሯያል» እና በ1917 የወጣው የኮቲ «ሺፕር» ከእነዚህ መካከል ናቸው።

አደገኛ ይዘቶች

የድሮ መዋቢያ በትዝታ ዓይን ሲታይ ንጹሕና የዋህ ይመስላል። ብዙ ዕቃዎች ግን ዛሬ የተከለከሉ መርዞችን ይይዛሉ። ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባላባቶች ፊታቸውን ያነጡበት የነበረው ቀለም ነጭ እርሳስ ነበር። በ1930ዎቹ በፈረንሳይ የተሸጠው «ቶ ራዲያ» ክሬም ቶሪየምና ራዲየም የተባሉ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት በኩራት ያስተዋውቅ ነበር። በማስታወቂያው ላይ የሚጠራው ዶክተር አልፍሬድ ኩሪ ከማሪና ከፒየር ኩሪ ጋር ዝምድና አልነበረውም።

በዚህ ረገድ የመዋቢያ ስብስብ አንድ ጊዜ ሕግ አስለውጧል። በ1906 የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ መዋቢያን አይጨምርም ነበር። በ1933 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕጉ ሊቆጣጠራቸው የማይችላቸውን ምርቶች ከነማሸጊያቸው፣ ከነማስታወቂያቸውና ከተጎጂዎች ፎቶግራፍ ጋር ሰብስቦ ለእይታ አቀረበ። ጋዜጠኞች ትርኢቱን «የአሜሪካ የሰቆቃ አዳራሽ» አሉት። ከዕቃዎቹ መካከል ታሊየም የተባለ መርዝ የነበረበት «ኮሬምሉ» የተሰኘ የፀጉር ማስወገጃ ክሬም እና «ላሽ ሉር» የተሰኘ የሽፋሽፍት ቀለም ይገኙ ነበር። የሁለተኛው ቀለም ፓራፊኒሊንዲያሚን ሲሆን፣ ተጠቃሚዎችን ለዓይነ ስውርነት፣ አንዷን ደግሞ ለሞት ዳርጓል። በ1938 በወጣው አዲስ ሕግ መዋቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ገባ።

ዛሬም ሰብሳቢዎች የሚጠነቀቁባቸው ነገሮች አሉ። ቆዳ ለማንጣት የተሠሩ የድሮ ክሬሞች ሜርኩሪ ሊኖርባቸው ይችላል። የፊት ፓውደር ዋና ይዘት የሆነው ታልክ ከመሬት ሲወጣ ከአስቤስቶስ ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል የድሮ ፓውደር መንፋትና ማራገፍ ለሳንባ አደገኛ ነው። የዓይን መዋቢያ ደግሞ ዕድሜው አጭር ቢሆንም እንኳ ባክቴሪያ ያፈራል። ስለዚህ የድሮ መዋቢያ ይታያል እንጂ አይቀባም።

የማን ትዝታ?

የውበት ዕቃ የሚያስታውሰው ሁሉንም እኩል አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የታላላቅ ኩባንያዎች የፓውደር ቀለሞች የተዘጋጁት ለነጭ ቆዳ ነበር። በዚያው ዘመን ለጥቁር አሜሪካውያን የሠሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ «ሃይ ብራውን» የተባለውን የፊት ፓውደር የሸጠው አንቶኒ ኦቨርተን፣ የፀጉር ቅባት በጣሳ ያከፋፈለችው ማዳም ሲ ጄ ዎከር (1867–1919) እና አኒ ተርንቦ ማሎን ይጠቀሳሉ። በ1973 ዩኒስ ጆንሰን የመሠረተችው «ፋሽን ፌር» ጥቁር ሴቶች ቀለማቸውን በትላልቅ መደብሮች እንዲያገኙ አድርጓል። በ2016 በዋሽንግተን የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም የማዳም ዎከርን ጣሳዎች ከስብስቡ አካትቷል።

በኢትዮጵያ

ስብስብ በማሸጊያ ላይ ስለሚመሠረት፣ ማሸጊያ የሌለው መዋቢያ በቀላሉ ይረሳል። በኢትዮጵያ ለዘመናት ያገለገሉት ብዙዎቹ የውበት ነገሮች እንዲህ ያሉ ናቸው። ለፀጉር የሚቀባው ቅቤ ስምና ዓመት የተጻፈበት ጣሳ የለውም። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር የሚያቀላው እንሶስላም ከቆዳ ላይ ለቅቆ ሲጠፋ የሚተወው ዕቃ የለም። ከእነዚህ የሚለየው ኩል ነው፤ ማስቀመጫውና መኳያው ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፉ ይችላሉ። የሌሎቹ ማስረጃ በአብዛኛው የሚገኘው በሰዎች አነጋገርና ትውስታ ውስጥ ስለሆነ፣ የአሠራራቸውን ቃል መመዝገብ ዕቃ የመሰብሰብን ያህል ያስፈልጋል።

ከውጭ የገቡት መዋቢያዎች ደግሞ በቋንቋው ውስጥ አሻራቸውን ትተዋል። በአማርኛ የጥፍር ቀለም በተለምዶ «ኩቴክስ» ይባላል፤ ይህ የአንድ አሜሪካዊ የጥፍር መዋቢያ የንግድ ስም ነው። «ቫዝሊን»ም እንዲሁ፣ ሮበርት ቼዝብሮ በ1872 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቅባት የንግድ ስም ሆኖ ሳለ ለማንኛውም ተመሳሳይ ቅባት መጠሪያ ሆኗል። ያለቀ የሽቶ ጠርሙስ በቡፌ ላይ ለጌጥ የማስቀመጥ ልማድም፣ ባለቤቱ ሰብሳቢ ነኝ ባይልም፣ የስብስብ መጀመሪያ ነው።

አያያዝ

ፀሐይ ቀለምን ያገረጣል፣ ሽቶንም ይለውጣል፤ ስለዚህ ዕቃው በጨለማ፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ከመሆኑም በላይ ሲያረጅ ብረት የሚበላ አሲድ ስለሚለቅ፣ ከሌሎች ተለይቶ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይደረጋል። የካርቶን መያዣ በውሃ አይጸዳም። የፓውደር መያዣ መስታወት በፈሳሽ ማጽጃ ከተረጨ ፈሳሹ ከጀርባው ገብቶ ብሩን ያጠቁረዋል፤ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ይዘቱን የማስወገድ ወይም የማቆየት ጉዳይ ሰብሳቢዎችን ያከራክራል። ባዶና የጸዳ መያዣ ለጤናም ለብረቱም ይሻላል። በሌላ በኩል የሉቭር ኩልና የለንደኑ ክሬም እንዳሳዩት፣ በውስጥ የቀረው ጥቂት ዱቄት ከመያዣው የበለጠ ሊናገር ይችላል። መካከለኛው መንገድ ይዘቱን ሳይነኩ ማሸግ፣ ከጎኑም ዕቃው ከማን እንደተገኘ፣ ባለቤቷ መቼና ለምን እንደተጠቀመችበት የሚገልጽ ማስታወሻ ማኖር ነው። ታሪኩ የታወቀ ተራ ጣሳ፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ውድ ዕቃ ይልቅ ለታሪክ ጥናት የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው።